ከካምፕ እስከ ሃርቫርድ ስንት ዓመት ነው?

በዚህ እትም የመጽሐፍ ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው። አዲስ መጽሐፍ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቅጂ በጎሮም ካምፕ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ጠርዙ ተጣጥፎ ደርሶናል፤ ስለ መጽሐፉ የሚወራው ወሬ ደግሞ ከመጽሐፉ እየበለጠ ስለ መጣ ዝም ብለን ማለፍ አልወደድንም። ርዕሱ «ኦፍ ቢትልስ ኤንድ ኤንጀልስ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ስለ ጢንዚዛዎችና ስለ መላእክት እንደ ማለት ነው። ደራሲው ማዊ አስገዶም ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሱዳን ተሰዶ፣ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ ሦስት ዓመት ያህል ኖሮ፣ ከዚያ አሜሪካ የገባና ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመረቅ ተመራቂ ተማሪዎችን ወክሎ ንግግር አድርጓል።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። መጽሐፉ አጭር ነው፣ እንግሊዝኛውም ቀላል ነው። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ ሊጨርሰው ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባትየው አሉበት። በአገራቸው በሕክምና ሥራ የተከበሩ፣ በሽተኛ ደጃቸው የሚጠናላቸው ሰው ነበሩ። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ያ ሁሉ ክብር ቀርቶ በጽዳት ሠራተኛነት ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ትናንት ስሙ የሚጠራ ሰው ዛሬ በሰው አገር መጥረጊያ ሲይዝ ልጆቹ በምን ዓይን እንደሚያዩት፣ እርሱስ በልጆቹ ፊት እንዴት ቀና ብሎ እንደሚቆም መጽሐፉ በደንብ ያሳያል። ካምፕ ውስጥ ለምናስተምር ሰዎች ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከመካከላችን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ፣ ነርስ የነበረ፣ ርዕሰ መምህር የነበረ ሞልቷል። የመጽሐፉም ርዕስ ከአባትየው ምክር የመጣ ነው፦ መንገድ ላይ የምታገኙት የተጎሳቆለ ሰው ለዓይን ጢንዚዛ ቢመስልም መልአክ ሊሆን ይችላልና ሰው አትናቁ የሚል። ታላቅ ወንድሙ ተወልደ ሰክሮ በሚነዳ ሰው መኪና ተገጭቶ የሞተበት ክፍል ሲነበብማ ተማሪ ሁሉ ጸጥ ይላል።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። ንዑስ ርዕሱ አንድ ልጅ ከስደተኞች ካምፕ እስከ ሃርቫርድ ያደረገውን አስደናቂ ጉዞ እንደሚተርክ ይናገራል። ሁለት ቦታ ብቻ ተጠርቷል፤ ካምፕና ሃርቫርድ። ሽፋኑን ብቻ ያየ ሰው አንዱ ልጅ ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ማመልከቻ ሞልቶ፣ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ይመስለዋል። ሽፋኑን ያላየ ደግሞ፣ ያው ሽፋኑ ተገንጥሏልና፣ ያንኑ ከሰው አፍ ይሰማል።

ዓመቶቹን በጣት እንቁጠር። ማዊ አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1983 በሰባት ዓመቱ ነው። ሃርቫርድ የገባው በ1995 ነው። በመካከሉ አሥራ ሁለት ዓመት አለ። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ተምሯል፤ እንግሊዝኛን በልጅነት ምላስ ለምዷል፤ የሃርቫርድ ሰዎች የሚያውቁትን ዓይነት ካርድ፣ የሚያውቁትን ዓይነት ፈተና፣ የሚያውቁትን ዓይነት የመምህር ደብዳቤ ይዞ አመልክቷል። ቪዛ አልጠየቀም፤ እዚያው ነበር። በመጽሐፉም ውስጥ የካምፑ ኑሮ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያልቃል፤ የቀረው ገጽ አሜሪካ ነው። ደራሲው ይህንን አልደበቀም፣ ቁጭ አድርጎ ጽፎታል። የሚዘለው አንባቢው ነው፤ እንዲዘል የሚጋብዘው ደግሞ ሽፋኑ ነው።

ይህን ስንል የልጁን ድካም ለማሳነስ አይደለም። በድህነት፣ በሰው አገር፣ ወንድሙን ቀብሮ እዚያ የደረሰ ሰው ድካሙ የሚናቅ አይደለም። እኛን የሚያሳስበን መጽሐፉ ዕድልን ለመለካት ሜትር ሆኖ ሲያገለግል ነው። አንዱ ተማሪ ያነብና «እሱ ከቻለ እኔም እችላለሁ፣ ሌላውን አልፈልግም» ይላል። ሌላዋ ታነብና «እሱ እኮ ልዩ ፍጡር ነው፣ እኔ ማን ሆኜ» ትላለች። ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ሁለት የተሳሳተ ሒሳብ ይዘው ይወጣሉ።

ይህ ሒሳብ በየት እንደሚሠራ ማወቅ የፈለገ ቅዳሜ ጁባ ወደብ ይውረድ። ከተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ ትምህርት በሌለበት ቀን እዚያ ጭነት ያወርዳሉ። ባርጁ እስኪደርስ፣ ወይም ደርሶ ወረቀቱ እስኪያልቅ፣ ሻይ ይዘው የሚያወሩት ስለ እግር ኳስና ስለ ስኮላርሺፕ ነው። ስልክ ያለው ያነባል፣ የሌለው ያዳምጣል። «ሃርቫርድ ከመቶ ሦስት ነው የሚቀበለው» ይላል አንዱ። «አገራችንም ማትሪክ ያለፈው ከመቶ ሦስት ነበር፣ ያው ነው» ይላል ሌላው። ሰኞ ክፍል ሲገቡ ጥያቄው እኛ ዘንድ ይመጣል፦ «ቲቸር፣ እኔ ስንት ፐርሰንት ዕድል አለኝ?»

ሁለቱ ሦስቶች ያው ናቸውን? ነገሩ እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ቆም እንበል። ኢትዮጵያ ውስጥ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3 ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሃርቫርድ 57,435 አመልካቾች ቀርበውለት 1,968 ተቀበለ። ከመቶ 3.4 ማለት ነው። ለዓይን መንታ ይመስላሉ።

ግን የመጀመሪያው ደፍ ነው። ሃምሳን የረገጠ ሁሉ ያልፋል፤ የአንተ ማለፍ የጎረቤትህን ወንበር አይወስድም። ለዚህም ነው በ2017 ዓ.ም. ፈተናውን ያለፉት ቁጥር ወደ 48,929፣ ማለትም ወደ ከመቶ 8.4 ከፍ ሲል ማንም ተገፍቶ ያልወጣው። ሃርቫርድ ግን ወንበር ይቆጥራል። ማዊ ባመለከተበት ዘመን አመልካቾቹ 18 ሺህ ያህል ነበሩ፣ የተቀበላቸውም ሁለት ሺህ ጥቂት ፈቀቅ ያሉ፤ ከመቶ ከአሥር በላይ ይሆናል። በ2021 አመልካቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ፣ ወንበሩ ግን እዚያው ሁለት ሺህ አካባቢ ቀረ። መጽሐፉን ዛሬ የሚያነብ ልጅ የማዊን በር በማዊ ዘመን ስፋት እንዳይለካው ይህን ማወቅ አለበት።

ልዩነቱ በጥናት ላይም ይታያል። በደፍ ፈተና ላይ ያለህን ዕድል ራስህ ልትለካው ትችላለህ፦ ያለፈውን ዓመት ጥያቄ ሥራ፣ ሰዓት ያዝ፣ አርም። ሠላሳ ካመጣህ ሩቅ ነህ፣ አርባ ስምንት ካመጣህ ቀርበሃል። በወንበር ውድድር ግን ጎበዝ መሆንህን ብታውቅም ሌላው ምን እንደያዘ አታውቅም። ሁሉን አንደኛ የወጣ ልጅም ይቀራል፤ ሲቀርም ለምን እንደቀረ አይነገረውም።

ሌላም አለ። «ከመቶ ሦስት» የሚባለው ቁጥር የአንድ ሰው ዕድል አይደለም፤ የብዙ የተለያዩ ሰልፎች አማካይ ነው። ሃርቫርድ በተከሰሰበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ችሎት ቀርቦ በ2023 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ባገኘው ክርክር ላይ የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ቁጥር አደባባይ ወጥቶ ነበር። በቡድን አሠልጣኞች ከተመለመሉ ስፖርተኞች ከመቶ 86 ያህሉ፣ እዚያው ከተማሩ ወላጆች ልጆች ደግሞ ከሦስት አንዱ ያህል ይገቡ እንደነበር ታየ። በዚያ ዘመን የጠቅላላው አማካይ ከመቶ ስድስት እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። እንግዲህ አማካዩን እነዚህ ወደ ላይ ከጎተቱት፣ የቀረው ሰልፍ ከአማካዩ በታች ነው ማለት ነው። ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ የሚያመለክት ተማሪ ያለው በዚህኛው ሰልፍ ነው። አንዱ መምህራችን በክፍል ሲያስረዱ «የሀብታምና የድሃ ደመወዝ ደምረህ ለሁለት ብታካፍል ድሃው አይከብርም» ብለዋል፤ ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘንም።

ደግሞ ሌላ ሒሳብ ከወደቡ መጥቷል፦ «አሥር ዩኒቨርሲቲ ካመለከትኩ ሦስት በአሥር ሠላሳ!» ይህን የሒሳብ መምህራን ክፍል ውስጥ እንዲሠሩት እንመክራለን፤ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ይሻላል። አሥሩ ውሳኔዎች እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑ እንኳ በአሥሩም የመቅረት ዕድል 0.97 በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ 0.74 አካባቢ ስለሚሆን፣ ቢያንስ አንዱ ጋ የመግባት ዕድል ከመቶ 26 ያህል ነው። ነገር ግን ውሳኔዎቹ ይገናኛሉ። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ካርድህ ጋምቤላ ቀርቶ ከጠፋ፣ ለአሥሩም ጠፍቷል። የመምህርህ ደብዳቤ ሁለት መስመር ከሆነ፣ አሥሩም ያንኑ ሁለት መስመር ያነባሉ። አንዱን በር የዘጋው ነገር ሌላውንም ሲዘጋ ማባዛቱ ምን ዋጋ አለው?

ታዲያ ዕድል በምን ይለካል? እዚያው ወደቡ ላይ ያሉት የጀልባ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። ወደ ማላካል ለመሄድ ፈልገህ «እንደርሳለን ወይ?» ብትላቸው በፐርሰንት አይመልሱልህም። ነዳጁ ሞልቷል ወይ፣ ፈቃዱ ወጥቷል ወይ፣ ሞተሩ ምን ይመስላል፣ ወንዙ ስንት ነው፣ ቦር ላይና ከቦር በኋላ ስንት ኬላ አለ፣ ለእያንዳንዱስ ምን ይጠየቃል፤ ይህን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ነዳጅ ከሌለ የወንዙ ሁኔታ አይወራም። ፈቃድ ከሌለ የሞተሩ ጉልበት አይወራም። የከፍተኛ ትምህርት ዕድልም በዚህ መንገድ ቢታሰብ እንወዳለን፦ አስቀድሞ አለ ወይም የለም የሚባሉት ኬላዎች፣ ከዚያ በኋላ የሚወዳደሩባቸው።

አለ ወይም የለም ከሚባሉት አንዱ ወረቀት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ውጤት፣ የስደተኛ መታወቂያ፣ ስምና የልደት ቀን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆኑ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ አንዱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ፣ ስሙም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ስንቱ ተመልሷል! ሁለተኛው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የማያውቀው አንድ መልካም ነገር አለ፦ ሃርቫርድና ኤምአይቲን የመሰሉ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አይቆጥሩበትም፤ ከተቀበሉትም የጎደለውን ይሞላሉ። የማመልከቻ ክፍያም በጥያቄ ይሰረዛል። ለአብዛኞቹ ሌሎች ግን የገንዘብ እርዳታ መጠየቅ ራሱ ዕድልን ይቀንሳል። ስለዚህ በዝና ያነሰ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ለድሃ ተማሪ ይቀላል ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ተገላቢጦሽ ነው። ሦስተኛው ፈተና ነው። ሃርቫርድ ለጥቂት ዓመታት ትቶት የነበረውን የኤስኤቲ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2024 መልሶ ግዴታ አድርጎታል። ፈተናው የት ይሰጣል፣ በምን ሰነድ ተጉዘህ ትቀመጣለህ የሚለው እንግዲህ ከእንግሊዝኛ ችሎታህ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው።

አራተኛው ቪዛ ነው፤ ይህኛው በማንም ተማሪ ጉብዝና አይከፈትም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2025 የአሜሪካ መንግሥት የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎችን ቪዛ በሙሉ መሰረዙን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ደግሞ ሃርቫርድ የውጭ ተማሪ እንዳይቀበል የሚያግድ ትእዛዝ ወጥቶ ፍርድ ቤት አስቆመው። ተቀባይነት አግኝተው፣ ደብዳቤያቸውን ይዘው የተንጠለጠሉ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን የምንጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። አንድ ተማሪ ሲቀር «ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ራሱን እንዳይረግም፣ ወላጅም እንዳይረግመው ነው። የትኛው ኬላ እንዳስቀረው ያወቀ ተማሪ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ያላወቀ ግን ደብተሩን ይጥላል።

ደብተር ስለ መጣል ካነሳን፣ የቅርቡን በር ስለ መናቅም እንናገር። ለመጽሐፉ ያለን ዋነኛ ቅሬታም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በካምፕና በሃርቫርድ መካከል ሌላ ምንም ትምህርት ቤት እንደሌለ አድርጎ የሚያስነብብ ሽፋን፣ መካከሉ ላይ ያሉትን ሁሉ ያሳንሳል። ጁባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተ፣ በጦርነቱ ጊዜ ራሱ ተሰዶ ካርቱም የኖረና የተመለሰ ተቋም ነው። ከስደተኛ የበለጠ ስደትን የሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ ማለት ይቻላል! ዳፊ የሚባለው፣ ጀርመን መንግሥት በዩኤንኤችሲአር በኩል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ በተጠለሉበት አገር ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ስደተኞች ነው፤ እስካሁን ከ20 ሺህ በላይ ተምረውበታል። ካናዳ ውስጥ ዉስክ በሚባለው ድርጅት በኩል ተማሪዎች ራሳቸው እያዋጡ ስደተኛ ተማሪ የሚያስመጡበት መንገድ ከ1978 ጀምሮ አለ፤ የሚመለምለው ግን ከተወሰኑ የጥገኝነት አገሮች ብቻ ስለሆነ እዚህም ላይ አስቀድሞ «እኔ ያለሁበት አገር ይመለከተዋል ወይ?» ማለት ይገባል። ሩዋንዳ ውስጥ ኬፕለር የሚባለው ተቋም በኪዚባ ካምፕ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ትምህርት ጀምሯል። ጋና ያለው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የተከፈተ፣ ዛሬ በአፍሪካ ስሙ የሚጠራ፣ ለተቸገሩ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ነው።

እነዚህም ቢሆኑ ተሰጥተው የተቀመጡ አይደሉም፤ ውድድር አላቸው። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች የከፍተኛ ትምህርት ያገኙት ለብዙ ዓመታት ከመቶ አንድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ ሦስት ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ሰባት ገደማ። በ2030 አሥራ አምስት ለማድረስ ታቅዷል። ይህ ጭማሪ ከየት መጣ ብትሉ፣ ሃርቫርድ በሩን ስላሰፋ አይደለም። በየአገሩ ያሉ የቅርብ ዩኒቨርሲቲዎች ስደተኛን መዝግበው፣ የቅርብ ስኮላርሺፖች ተጨምረው ነው። ስለዚህ ከመቶ ሦስት ወደ ሰባት የሄደው ቁጥር ለእኛ ተማሪ ከሃርቫርዱ ሦስት ይልቅ ይናገራል። ስለ እሱ ግን መጽሐፍ አልተጻፈም፣ በወደቡ ሻይ ቤትም አይወራም።

አንድ ጎበዝ ተማሪ፣ ስሙን አናነሳም፣ ለቅርብ ዩኒቨርሲቲ የሚሆን ማመልከቻ እንዲሞላ ሲነገረው «እሱን ከሞላሁ ትልቁ ይቀርብኛል» ብሎ ቀኑን አሳለፈ። ትልቁም አልመጣም። አሁን በሳምንት ስድስት ቀን ወደቡ ላይ ነው። ማንም አላሳሳተውም፤ ሁለት ማመልከቻ አንዱ ሌላውን እንደማያጠፋ የነገረው ግን አልነበረም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ሴቶቹ አሉ። በእኛ አስተያየት ከትልቅ ግምት ይልቅ ትንሽ ግምት የሚጎዳቸው ይበዛሉ። ውሃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አጥባ፣ ማታ በስልክ መብራት አጥንታ ከክፍሉ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ «ከመቶ ሦስት» ስትሰማ ሦስቱ ውስጥ ራሷን አታስገባም፤ ዘጠና ሰባቱ ውስጥ ናት። የኬላው ሒሳብ ለእሷ ይጠቅማል ብለን እናምናለን፦ ወረቀትሽ ተሟልቷል፣ ውጤትሽ ደርሷል፣ የቀረሽ ይህና ይህ ነው ሲባል ነገሩ ከሕልም ወደ ሥራ ይመጣል። ፎርም መሙላት እንደ ውሃ መቅዳት የሚያልቅ ሥራ ነው።

መምህራንን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠር «ታታሪ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ለልጁ የሚጠቅመው እናንተ ብቻ ያያችሁት ነገር ነው። የፊዚክስ መጽሐፍ ለሰባት አንድ ሲደርስ ምዕራፉን በእጁ ገልብጦ ለጓደኞቹ ያከፋፈለ ልጅ ካለ፣ እሱን ጻፉት። ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ትምህርት ስንት ወር እንደተቋረጠና ለምን እንደተቋረጠ ጻፉ። ከቦስተን ሆኖ የሚያነበው ሰው ጎሮምን አያውቅም። እናንተ ካልነገራችሁት የተቋረጠውን ስድስት ወር እንደ ስንፍና ያነበዋል።

ደላሎቹንስ? በከተማው ውስጥ «መቶ በመቶ አስገባሃለሁ» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። እስካሁን ያልነው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ፦ ወንበር ቆጥሮ የሚመርጥ ዩኒቨርሲቲ መቶ በመቶ የሚባል ዕድል ለንጉሥ ልጅም አይሰጥም። መቶ በመቶ የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር ወይ ዩኒቨርሲቲ አይደለም ወይ የለም። ስኮላርሺፕ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅም እንዲሁ። ጥርጣሬ ካለ ከመክፈል በፊት ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ወይም ወደ ዩኤንኤችሲአር የትምህርት ባልደረባ መጥቶ መጠየቅ ነፃ ነው።

ወደ መጽሐፉ እንመለስና፣ እንዲነበብ እንፈልጋለን ወይ? አዎ፣ በደንብ። ደራሲው የማመልከቻ ሥራን ለማስተማር አልጻፈውም፤ ያንን የፈለገ ሰው ከዚህ መጽሐፍ ብዙም አያገኝም። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ አባት፣ ስለ ሐዘን፣ ሰውን ስላለመናቅ የፈለገ ግን ያገኛል። ሃርቫርድ ባይኖርበትም መጽሐፉ መጽሐፍ ነበር፤ ምናልባትም የተሻለ መጽሐፍ። በተለይ አባትየው ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ልጆቻቸውን ስለ ትምህርት የሚያስጨንቁበትን ክፍል ወላጆች በተገኙበት ማንበብ ጥሩ ይመስለናል፤ እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆች ስላሉ በአማርኛና በአኙዋክ ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ይኑር።

ለንባብ ክበቦች የምናቀርበው ሐሳብ አለ። ከማንበባችሁ በፊት ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አስምሩ። በአንድ ጫፍ የሱዳኑን ካምፕ፣ በሌላው ጫፍ 1995ን ጻፉ። እያነበባችሁ በሄዳችሁ ቁጥር በመካከሉ የሆነውን ሁሉ ከነዓመቱ ሙሉ፦ የትኛው ትምህርት ቤት፣ በማን ገንዘብ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ማን ረዳው፣ ማንን አጣ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ የራሱን መስመር ያስምር፤ እስካሁን ያለፈባቸውን ኬላዎች በሰማያዊ፣ የቀሩትን በቀይ ይጻፍ። ቀዩ ላይ የመምህር እጅ የሚያስፈልገው ካለ ለመምህሩ ያሳይ።

መጽሐፉ ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ በተራ ነው የሚሰጠው፤ ለአንድ ክበብ ሁለት ሳምንት። ሽፋኑን በካርቶን ጠግነነዋል። ካርቶኑ ላይ የጻፍነው የመጽሐፉን ርዕስና የደራሲውን ስም ብቻ ነው፤ ንዑስ ርዕሱን አልጻፍነውም።